አቦምሳ በ12 ባይት

ወንድሜ ፕሮግራመር፣ ላፕቶፕህን አንግተህ ከአዳማ አቦምሳ ስትወርድ አንድ ነገር አትርሳ፦ በፓይተን ብቻ የተጻፈ ፕሮግራም ክብር የለውም። የሽንኩርት አምራቾች ማኅበር «የአባላት መዝገብ ሥራልን» ቢልህ፣ ስምና ቀን የሚይዝ ሰንጠረዥ ሠርተህ መመለስ ነውር ነው። ሰው ምን ይላል? ከሥሩ ሲ መኖር አለበት።

ሰበብ አይጠፋም። ጳጉሜን አንዴ 5፣ አንዴ 6 ትሆናለች፤ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈው 6 ናት፣ እንደ 2015። ይህ በፓይተን ጥቂት መስመር ነው፤ ስለዚህ አይመጥንህም። በሲ የተጻፈ ላይብረሪ ከሩቅ አስመጥተህ ፓይተን ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አብሮት በሚመጣው በሲታይፕስ ትጠራዋለህ። ለምን? ለፍጥነት! የማኅበሩ ጸሐፊ በአንድ ጣቷ «ሽ»ን እየፈለገች፣ መብራቱም ሄዶ እስኪመለስ እየተጠበቀ፣ ያንተ ስሌት ግን ለቅጽበት አይዘገይም። ከፓይተን ወደ ሲ መሻገሩ ብቻ ብዙ ጊዜ ከስሌቱ የበለጠ ይፈጃል የሚሉ አሉ። ምቀኞች ናቸው፤ አትስማቸው።

ቀጥሎ በመዝገቡ ላይ የአባሉ የትውልድ ከተማ ስም ይመጣል። አቦምሳ 4 ፊደል ነው፤ ፓይተንም 4 ብሎ ይቆጥራል። ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ተቀብሎታል፤ በዩቲኤፍ-8 ሲጻፍ ግን እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ ሲ 12 ይላል። አንተም ብልህ ነህና ልክ 12 ባይት ትመድባለህ። የሲ ጽሑፍ መጨረሻው የሚታወቀው በአንድ ዜሮ ባይት ነው፤ ለእሷ ቦታ አልተረፈም። ጨዋው ፋንክሽን የመጨረሻውን ባይት ጥሎ ዜሮዋን ያስቀምጣል፤ ባለጌው ደግሞ ከተመደበለት አልፎ የጎረቤቱን ሜሞሪ ይረግጣል። ጨዋው ደርሶህ እንደሆነ «ሳ» ሲሶዋን አጥታ ትመለሳለች፤ ፓይተንም «ይህን ፊደል አላነብም» ብሎ ሥራውን ያቆማል። አዳማ ግን 3 ፊደል፣ 9 ባይት ናት፤ ዜሮዋም ተጨምራ ታልፋለች። የሞከርከውም በአዳማ ነበር! የከተማው ስም በቁቤ ከተጻፈም ለአንድ ፊደል አንድ ባይት ይበቃልና አይነካም። እንግዲህ በአቦምሳ ከተማ፣ በአቦምሳ ማኅበር መዝገብ ላይ፣ በአማርኛ መመዝገብ ያልተቻለው አቦምሳ ብቻ ነው። ስህተቱ የአባላቱ ነው፤ አዳማ አልተወለዱም።

ሌላም በረከት አለ። ሲ መልሱን አስቀምጦ አድራሻውን ቢሰጥህና ምን ዓይነት መልስ እንደሆነ ካልነገርከው፣ ሲታይፕስ ተራ ቁጥር ነው ብሎ ይወስደዋል፤ ከ64 ቢቱ አድራሻ 32ቱ ይቀራል። በግማሽ አድራሻ ማን ቤት እንደምትገባ ፈጣሪ ይወቀው። የተያዘውን ሜሞሪስ ማን ይመልሰው? ፓይተን የራሱን ይጠርጋል፣ የሲውን አያውቅም፤ ሲ ደግሞ «መልስ» ካላሉት አይመልስም።

ፓይተን ሲሳሳት መስመሩን ጠቅሶ ይናገራል። ሲ ሲወድቅ ፓይተኑንም ይዞ ይወድቃል፤ በትራይ ያጠርከው አጥር አያድንህም። መስኮቱ ጥፍት ይላል፣ ጸሐፊዋም «ቫይረስ ነው» ትልሃለች። አንተም «ሳይሆን አይቀርም» ትላለህ። ያ ሁሉ የሚሆነው መጀመሪያ ከተከፈተ ነው፤ በላፕቶፕህ ሊኑክስ ላይ ያጠናቀርከውን ላይብረሪ የማኅበሩ ዊንዶውስ ፋይሉን እንኳ አያውቀውም።

ሐቁን እንነጋገር ከተባለ፣ ላፓክ በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ በፎርትራን የተጻፈ የማትሪክስ ሒሳብ ላይብረሪ ነው፤ የፓይተኑ ሳይፓይ ዛሬም ይጠራዋል። እዚያ በአንድ ጥሪ ሚሊዮን ቁጥር ይሻገራል፣ ድካሙም ዋጋ አለው። አንተ የምታሻግረው አንዲት ጳጉሜን ነው።

አሁን ደግሞ ሲውን ጥለህ በረስት ልትጽፈው ነው አሉ፤ አስተማማኝ ነው ብለህ። ይገባሃል! ግን ረስት ራሱ ከውጭ የመጣ ፖይንተር ልትከፍት ስትል «ይህ አስተማማኝ አይደለም» ብለህ በእጅህ ካልጻፍክለት ኮድህን አይቀበልም። ለማኅበሩ ሊቀመንበር ግን ይህችን አታንብብለት፤ ለሁለተኛው ዙር ሥራ ገና አልከፈለህም።