የአጎቴ ቤዝ፣ የአክስቴ ሲኒ

አጎቴ ጡረታ ወጥቶ ከአዲስ አበባ ወደ ላሊበላ ሲመለስ፣ መንገዱን ሙሉ ከጭኑ ያላወረደው ዕቃ ቢኖር የጃፓን አምፕሊፋየሩ ነው። ስፒከሮቹ ግን ከአልጋውና ከቁም ሳጥኑ ጋር በአይሱዙ ተጭነው መጡ። ገመዳቸውን ፈትቶ መልሶ የገጠመው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተለየም። አጎቴ «ሹፌሩ ነው» ይላል፤ አክስቴ በአገጯ ወደ አጎቴ ትጠቁማለች።

እኔ የደረስኩት በታኅሣሥ፣ የነቢያት ጾም ሊያልቅ ሲል ነው። ለገና ከየአገሩ በእግሩ የሚመጣው ምእመን ከተማዋን መሙላት ጀምሯል፤ አልጋ ማግኘት አይታሰብም። ማግስቱ 21፣ የማርያም ዕለት ነበርና አጎቴ ገና አረፍ ሳልል «ነገ አሸተን እንወጣለን» አለኝ። ላሊበላ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ አሸተን ማርያም ከእሷም በላይ፣ 3,000 ሜትርን ባለፈው ገደል አፋፍ ላይ ነው ያለችው። ትውፊቱ ከንጉሥ ነአኩቶ ለአብ ጋር ያያይዛታል። አዲስ አበባም ደጋ ናት ብዬ የተኩራራሁት ኩራት ግማሽ መንገድ ሳልደርስ ተነፈሰ፤ ሽማግሌው ከፊቴ ከዘራውን እየወዘወዘ ይወጣል።

ወደ ላይ ስንቃረብ መንገዱ በዐለት ስንጥቅ ውስጥ ያሳልፋል። እዚያ ስንደርስ ከውስጥ ከበሮ ተመታ። ዐለት ዝቅተኛውን ድምፅ አይውጠውም፣ መልሶ ይሰጠዋል፤ ስለዚህ ከጆሮ ይልቅ ደረት ይሰማዋል። አጎቴ ቆመ።

«ሰማህ? ቤዝ ማለት ይኼ ነው። እኔ ቤት ግን ጠፍቷል።»

ቁልቁለቱን ሁሉ ስለ ቤዝ እያወራ ወረደ። ለነፍሱ ወጥቶ ስለ ስፒከር እያሰበ የሚመለስ ተሳላሚ ከእሱ ሌላ አላየሁም።

አምፕሊፋየሩ ቡፌው ላይ፣ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። ዳንቴሉን አነሳሁት፤ አክስቴ መልሳ አለበሰችው። «እትዬ፣ ክዳኑ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች የሙቀት መውጫ ናቸው» ብላት፣ «ታዲያ አቧራ ይግባበት?» አለችኝ። በአቧራው እውነት አላት። የቤዙ ማዞሪያ ሲነካ የሚንኮሻኮሸው በእሱ ነው። ማዞሪያው ራሱ ደግሞ ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው ተጠምዝዟል።

የቤዝና የትሬብል ማዞሪያ መሀል ላይ ሲቆም አይጨምርም፣ አይቀንስም። አብዛኛው አምፕሊፋየር የሚከተለው እንግሊዛዊው ፒተር ባክሳንዳል በ1952 እ.ኤ.አ. «ዋየርለስ ወርልድ» መጽሔት ላይ ያወጣውን ንድፍ ወይም የእሱን ዝርያ ነው። ማዞሪያ መንካት ነውር የሚመስላቸው፣ ውድ ዕቃ የሚገዙ ሰዎች አሉ፤ አልስማማም። ስንት ጊዜ የተገለበጠ የካሴት ቅጂ ትሬብሉ አልቋል፤ ትንሽ ብንመልስለት ምን ኃጢአት አለው? በሌላ በኩል ሁለቱንም ጥግ አድርሶ ዘፋኙን መሀል ላይ የሚቀብረው የታክሲ ሾፌርም አለ። 10 ዲሲቤል ቤዝ መጨመር በዚያ ድምፅ ላይ 10 እጥፍ ጉልበት መጠየቅ ነው። 4 ዋት ይበቃው የነበረው ከበሮ 40 ዋት ይፈልጋል፤ አምፕሊፋየሩ ያን ካጣ ድምፁን እየቆረጠ ትንሿን ስፒከር ያቃጥላል።

ሁሉንም መሀል ላይ መልሼ የማሕሌት ካሴት ከተትኩ። ለሙከራ ከዚህ የሚሻል የለም፤ ከበሮው ቤዙን፣ ጸናጽሉ ትሬብሉን፣ የመሪው ድምፅ መሀሉን ይነግርሃል። ጸናጽሉ ደነዝ ብሏል፤ የቴፑ ሄድ ቆሽሾ ነው። አጎቴ «በአረቄ ይጠረግ» ብሎ ነበር፤ የፋርማሲ አልኮል አስመጣሁ። ከበሮው ግን ባዶ ካርቶን እንደመምታት ነው። መሪው ደግሞ ከመሀል ይምጣ ከግድግዳው አይለይም። ቤዙን ስንጨምር የቡፌው ሲኒዎች ይንቀጫቀጫሉ እንጂ ከበሮው አይመጣም።

የሰፈሩ ጠጋኝ ተጠራ። ልጁ ሥራ ያውቃል፤ ከኤሌክትሪክ ነቅሎ ማዞሪያዎቹ ውስጥ ኮንታክት ክሊነር ነፋ፣ ደጋግሞ ወዲያና ወዲህ አዞራቸው፣ መንኮሻኮሹም ቆመ። ጉዱ የመጣው አጎቴ የዓለሙ አጋን በገና ሲከፍት ነው። ልጁ ጆሮውን አስጠግቶ «ስፒከሩ ተቀዷል፤ ይነዝራል» ብሎ መፍቻውን አነሳ።

ጎረቤታችን መሪጌታ ጥግ ተቀምጠው ነበር።

«አንተ ልጅ፣ እንዚራውን ልትነቅልለት ነው?»

በገና 10 አውታር አለው። በአውታሩና በማረፊያው መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራ፣ ነዘራውን ታመጣለች፤ ያለ እሷ በገና በገና አይሆንም። ነዘራው ያለው በላይኛው የድምፅ ክፍል ስለሆነ ትሬብል ሲቀነስ ይደክማል። ልጁ ያን ቀን ሊጠግን የነበረው በገናውን ራሱን ነው።

ወደ ስፒከሮቹ ጀርባ ዞርኩ። የአንዱ ቀይ ገመድ ጥቁሩ መግቢያ ላይ ገብቷል። እንዲህ ሲሆን አንዱ ስፒከር አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ዝቅተኛው ድምፅ እርስ በርሱ ይጣፋል፣ ማዞሪያም አያድነውም። ለማረጋገጥ ገመዱን ከስፒከሩ ነቅዬ መግቢያዎቹን ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ አስነካኋቸው። ፖዘቲቩ ቀዩን ሲነካ የስፒከሩ ሸራ ወደ ውጭ መውጣት አለበት። ወጣ። ስፒከሩ ደህና ነው፤ ጥፋቱ የገመዱ ነበር። አስተካክዬ ገጠምኩ።

ከቡፌው ጀርባ ሳልወጣ ግን አጎቴ ትዕግሥቱ አለቀ። ቤዙን እንደ ልማዱ ጥግ አድርሶ፣ ቮልዩሙን ከፍቶ ካሴቱን ለቀቀው። ከበሮው መጣ። አሸተን ሙሉውን ወርዶ ሳሎን ገባ ማለት ይቻላል። ሲኒዎቹ እየተንሸራተቱ ወደ ቡፌው ጫፍ ሄዱ፤ መሪጌታ አንዷን በነጠላቸው ቀለቡ፣ የቀሩት መሬት ላይ አለቁ።

አክስቴ ከጓዳ ወጥታ ስብርባሪውን አየች፣ አጎቴን አየች። «በጾም ምድር አታናግሩኝ» ብላ ፕላስተር አመጣችና የቤዙን ማዞሪያ መሀል ላይ ለጠፈችው።

አሁን አጎቴ ማታ ማታ፣ እሷ ስትተኛ፣ ቮልዩሙን ዝቅ አድርጎ ላውድነስ የምትለዋን ቁልፍ ይጫናል። ተመራማሪዎቹ ፍሌቸርና ማንሰን በ1933 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት ድምፅ ሲቀንስ ጆሮ አስቀድሞ የሚያጣው ቤዙን ነው፤ ቁልፏ ያን ትክሳለች። ፕላስተሩ አልተነካም፣ ሕጉም አልተጣሰም።

እናንተም ቤታችሁ ቤዝ ከጠፋ ማዞሪያውን አትጠምዝዙ፣ ጠጋኝም አትጥሩ። አምፕሊፋየሩን አጥፉና የአንዱን ስፒከር ብቻ ሁለት ገመዶች አቀያይሩ፤ ቤዝ የበዛበት አገጣጠም ትክክለኛው ነው።