ሜዳው ተገመገመ

ግምገማ የእኛ ብቻ ይመስለን ነበር። ተሰብስበው አንዱን መሀል አስቀምጠው ድክመቱን የሚዘረዝሩበት፣ ተገምጋሚውም ግለ ሂስ አውርዶ ከወንበሩ የሚነሣበት ያ የምናውቀው ሥርዓት። እንግሊዞች ግን በልጠውን ተገኙ። እነሱ የሚገመግሙት ሜዳ ነው።

በእንግሊዝ ገጠር ያለች አንዲት መንደር አስቡ። ከጫፏ ሜዳ አለ። በጎች ይግጡበታል፣ ዙሪያውን ቁጥቋጦ አጥሮታል፣ መሀሉን የእግር መንገድ ያቋርጠዋል። ሜዳው ያለው «አረንጓዴ ቀበቶ» በሚሉት ክልል ውስጥ ነው፤ ከተማ እየሰፋ ገጠሩን እንዳይውጠው ቤት እንዳይሠራበት በተጠበቀ መሬት ላይ። ለለንደን ዙሪያ እ.ኤ.አ. በ1938 ሕግ ወጣ። በ1955 ደግሞ የቤቶች ሚኒስትሩ ደንከን ሳንዲስ የሌሎች አካባቢዎች አስተዳደሮችም እንዲታጠቁ በደብዳቤ አሳሰቡ። ዛሬ ቀበቶው 1.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል፣ ከእንግሊዝ ምድር አንድ ስምንተኛው ነው።

ሆድ ሲሰፋ ቀበቶ ይጠባል። መንግሥት በአንድ የፓርላማ ዘመን 1.5 ሚሊዮን ቤት ይሠራል ብሎ ቃል ገባ። ታዲያ «ቀበቶ እንፍታ» ማለት በሰው ፊት ነውር ስለሆነ፣ ጨዋዎቹ ቀለሙን ቀየሩት። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ በወጣው ፖሊሲ «ግራጫ ቀበቶ» ተወለደ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ይህን ስም ያወጣው መልአክ ግን በትርፍ ሰዓቱ መሬት ሳይደልል አይቀርም። ግራጫው ለሕዝብ ሲተዋወቅ ምሳሌ ሆነው የቀረቡት አሮጌ ነዳጅ ማደያና የመኪና ማቆሚያ ነበሩ። ለነዳጅ ማደያ ማን ያለቅሳል? ትርጓሜው ሲጻፍ ግን «ሌላም ማናቸውም መሬት» የምትል ሐረግ ገባች። በዚህች ሐረግ በጎች የሚግጡበት ሜዳና የተዘጋው ማደያ የሥጋ ዘመድ ሆኑ።

ከዚያ አማካሪዎቹ አንጸባራቂ ሰደርያቸውን ለብሰው፣ ካርታና ቅጽ ይዘው መጡ። ሜዳው የአያት የቅድመ አያት ስሙን ተገፍፎ ፊደልና ቁጥር ተሰጠው። ሜዳው ግራጫ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው ግምገማ ተጀመረ።

«ትልቅ ከተማ ያለ ልክ እንዳይስፋፋ ትከላከላለህ?» ሜዳው የሚዋሰነው ከመንደር ነው። መንደር ደግሞ በመመሪያው ትልቅ ከተማ አይደለም። ነጥብ የለውም።

«ሁለት ከተሞች እንዳይገጣጠሙ ትለያለህ?» የሚለየው ሁለት መንደሮችን ነው። የተጻፈው «ከተሞች» ነውና መንደሮች ቢጋጠሙ የጎረቤት ፍቅር ነው። ነጥብ የለውም።

«የታሪካዊ ከተማን ገጽታ ትጠብቃለህ?» የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ስንት መቶ ዓመት ያስቆጠረ ቢሆን እንኳ፣ ታሪካዊ መንደር እንጂ ታሪካዊ ከተማ አያሰኝም። ነጥብ የለውም።

ሜዳው አፍ ቢኖረው «እኔ ገጠር ነኝ፤ ገጠሩን ከወራሪ እጠብቃለሁ» ባለ ነበር። እውነት ነው፤ ገጠርን መጠበቅ ከቀበቶው አምስት ዓላማዎች አንዱ ሆኖ ዛሬም ተጽፏል። ግራጫ መሆን አለመሆኑ ሲወሰን ግን ይህ ዓላማ አይቆጠርም። በዚያ መንገድ አርባ ዓመት ውሻቸውን ይዘው የተመላለሱ እናት «እንዴት ያምራል» ብለው ቢመሰክሩም አይረባም፤ ውበት ከአምስቱ ዓላማዎች ውስጥ የለም።

ብልሃቱ ደግሞ ከአቆራረሱ ላይ ነው። ሰፊውን ቀበቶ እንዳለ ብትመዝኑት ከባድ ነው። እንጀራውን በጉርሻ በጉርሻ ቆራርሳችሁ እያንዳንዷን ጉርሻ «አንቺ ብቻሽን ሆድ ትሞያለሽ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ግን አንዷም አታልፍም። በመጨረሻ የአገሩ እንጀራ ሁሉ ለምግብነት እንደማይበቃ በጥናት ይረጋገጣል። ከአጠገቡ ትናንት ቤት ተሠርቶ ከሆነማ ይበልጥ ይቀላል፤ በቤት የተከበበ ሜዳ ድሮም ደካማ ነው ይባላል። ትናንት የተፈቀደው ሰፈር ለነገው ምስክር ሆኖ ይቆማል።

ተፈጥሮም አልተረሳችም። ከ2024 ጀምሮ አልሚው በሕግ ተፈጥሮን ካገኛት በ10 በመቶ አሻሽሎ መተው አለበት። እዚያው ካልቻለ ሌላ ቦታ የተሻሻለ ተፈጥሮ በገንዘብ ይገዛል። መሬት ላይ ጎጆዋን የምትሠራው ስካይላርክ የተባለች ዘማሪ ወፍ አዲሱን አድራሻዋን ማን እንደሚነግራት ሠንጠረዡ ላይ አልተሞላም። ባይሆን የሰፈሩን አንድ መንገድ በስሟ ይሰይሙላታል፤ ተዝካሯ በአስፋልት ይወጣል።

እዚህ ላይ ሽሙጡን ላቁም። ቤት አያስፈልግም የሚል ካለ አዲስ ቤት ጠብቆ አያውቅም። በእንግሊዝ ከ1 ሚሊዮን በላይ ቤተሰቦች የማኅበራዊ ቤት ተራ ይጠብቃሉ። ከቀበቶው በሚለቀቅ መሬት ላይ የሚሠራ አልሚ ከሌላው ቦታ የበዛ በርካሽ የሚሰጥ ቤት እንዲያካትት መታዘዙም መልካም ነው። ግን የገጠር ተቆርቋሪው ሲፒአርኢ በ2022 ባወጣው ስሌት፣ ቀድሞ ተሠርቶባቸው በተተዉ መሬቶች ላይ ብቻ 1.2 ሚሊዮን ቤት ሊሠራ ይችላል። ታዲያ በጎቹ ለምን ይቀድማሉ? የተተወ መሬት ፍርስራሹን ማንሣትና አፈሩን ማጽዳት ይጠይቃል፤ ሜዳ ንጹሕ ነው። የእርሻ መሬት ደግሞ የቤት ፈቃድ ባገኘ ማግስት ዋጋው በአሥሮች እጥፍ ይተኮሳል። ለዚህ ምክንያት በግምገማው ቅጽ ላይ ዓምድ አልተሰመረለትም።

ስለዚህ የአካባቢው ምክር ቤት ወጥቶ «ይህን ሜዳ እንወደው ነበር፤ ቤት ስለቸገረን ሰዋነው» ቢል መንደሩ ያዝናል፣ ይከራከራል፣ ምናልባትም እሺ ይላል። ሜዳው ፈተና ወደቀ ግን አትበሉን። የተጠየቀው ስለ ከተማ ነው፤ እሱ የበቀለው ከመንደር አጠገብ ነው።