የመርከብ ላይ ሠርግ አደጋገስ

የመርከብ ላይ ሠርግ ሙሽሮቹ፣ ሚዜዎቹና እንግዶቹ በአንድ የመዝናኛ መርከብ ተሳፍረው፣ ጋብቻው መርከቡ ወደብ ላይ ሳለ ወይም መሐል ባሕር ላይ የሚፈጸምበት፣ ድግሱም እዚያው የሚበላበት ሠርግ ነው። በአሜሪካ እንዲህ ያለው ሠርግ በብዛት የሚነሣው ከፍሎሪዳ ወደቦች፣ ከማያሚ፣ ከፎርት ላውደርዴልና ከፖርት ካናቬራል ነው። ለዋሽንግተን፣ ለሲልቨር ስፕሪንግና ለአሌክሳንድሪያ ሐበሻ ግን ቅርቡ ባልቲሞር ነው፤ መንገዱ ካልተዘጋ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ከዚያ የሚነሡት መርከቦች ወደ ቤርሙዳና ወደ ባሃማስ ይሄዳሉ። ግዙፎቹ ባልቲሞር አይገቡም። የቼሳፒክ ድልድይ ከውኃው በላይ ያለው ከፍታ 57 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ እስከ 7,600 መንገደኛ የሚይዘው «አይከን ኦቭ ዘ ሲስ» ሥሩን ማለፍ አይችልም። ይህም ለደጋሹ በጎ ነገር ነው፤ 7,600 ቦታ አለ ከተባለ የሙሽራው እናት የሚሞላ የዘመድ ዝርዝር አያጡም።

ዕቅዱ የሚጀምረው ከቀን ቆረጣ ነው። አገር ቤት የሠርግ ወር ጥር ነው። በአሜሪካ ጥር በረዶ ነው፤ ልጆችም ትምህርት ላይ ናቸው፤ ስለዚህ የሐበሻው ሠርግ ወደ ሰመር ዞሯል። ሰመሩ ደግሞ በጾም የተከፋፈለ ነው። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፤ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባና በ16 ይፈታል። የሰኔን ጾም በዕድሜው ጾሞት የማያውቅ አጎት እንኳ ሠርግ ሲሆን ጾሙ ትዝ ይለዋል። በጁላይ 4 ሰሞን እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ ዓመታዊ ውድድሩን ያካሂዳል፤ በዚያ ሳምንት የሚደግስ ሰው ግማሹን እንግዳ ለኳስ ሜዳ ይገብራል። ይህ ሁሉ ተቀንሶ ተመራጭ የሚሆነው የኦገስት መጨረሻና የሌበር ዴይ ሰሞን ነው። እሱ ደግሞ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 የሚዘልቀው የአትላንቲክ አውሎ ነፋስ ወቅት የሚበረታበት ጊዜ ነው፤ ትኬቱ ረከስ ብሎ የሚገኘውም ያለ ነገር አይደለም። መርከብ ከአውሎ ነፋስ ይሸሻል እንጂ አይጋፈጥም። ካፒቴኑ መንገድ ቢቀይር ወይም ወደብ ቢሰርዝ የጉዞ ውሉ ይፈቅድለታል። ስለዚህ የወደቡን ስም በጥሪ ካርድ ላይ በወርቅ ቀለም ማሳተም አይመከርም፤ ባሃማስ ተብለው ተጠርተው ካናዳ የወረዱ አክስት ነገሩን ዐሥር ዓመት ያነሡታል።

ከቀኑ ቀጥሎ የእንግዳው ቁጥር ይመጣል። በአዳራሽ ሠርግ 300 ሰው ተጠርቶ 450 ቢመጣ ወንበር ይጨመራል፣ ሕፃናት ይታቀፋሉ፣ ወጡ ይቀጥናል። መርከብ ላይ ግን ስሙ በመንገደኞች መዝገብ ያልሰፈረ ሰው በር አያልፍም፤ መዝገቡም መርከቡ ሳይነሣ ለአሜሪካ የጉምሩክና የድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይላካል። የሙሽሪት አባት የክርስትና ልጅ ነኝ ማለት እዚያ በር ላይ ማስረጃ አይሆንም። ብዙዎቹ ኩባንያዎች ስምንት ክፍልና ከዚያ በላይ የያዘን ወገን በቡድን ይመዘግባሉ፤ ክፍሉ ሲበዛም ለአንድ ሰው የሚሆን ነፃ ቦታ ይሰጣሉ። ያችን አንድ ነፃ ቦታ የሚወስደው የማን ዘመድ ነው የሚለው ጥያቄ ሁለቱን ቤተሰብ ከጥሎሹ ይበልጥ ያነጋግራል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሒሳቡ ነው። በእንዲህ ያለ ሠርግ እያንዳንዱ እንግዳ ትኬቱን የሚገዛው ራሱ ነው። ለፈረንጁ ይህ ተራ ነገር ነው። በሐበሻ ወግ ግን የጠራ ያበላል፤ የተጠራ ደግሞ በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ጨው በዝቶበታል ብሎ ይሄዳል። ዜናውን ለታላላቆች የሚያደርስ አንደበተ ለስላሳ ሰው ይመረጣል፤ ብዙውን ጊዜ ዕጣው ለታላቅ ሚዜ ይወጣል። መልእክተኛው ሁለተኛው ቡና እስኪቀዳ ስለ ጤናና ስለ አገር ሲጫወት ይቆይና ጉዳዩን ያወጣል። ጋሼ ስኒያቸውን ያስቀምጣሉ።

«ጠራችሁኝ ነው ወይስ ሸጣችሁልኝ?»

«ኧረ ጋሼ! ምግቡ እኮ ትኬቱ ውስጥ ነው። አምስት ቀን ሙሉ፣ ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት።»

«ቁርስ አልበላም። የቁርሱን ቀንሱልኝ።»

የቁርሱ አይቀነስም። ሊቀነስ የሚችለው የክፍሉ ነው፤ መስኮት የሌለው የውስጥ ክፍል ከባለ በረንዳው ይረክሳል። ዋጋው የሚሰላው ሁለት ሰው በአንድ ክፍል እንደሚያድር ታስቦ ስለሆነ፣ ብቻውን የሚተኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ሰው ያህል ይከፍላል። በዚህ የተነሣ ደጋሹ ላጤዎችንና ባል የሞተባቸውን እትዬዎች ማጣመር ግድ ይሆንበታል። እዚህ ላይ የቆየ ቂም የሚያውቅ አንድ የቤተሰብ አዋቂ ማማከር ያሻል፤ በአንድ ርስት የተነሣ ሃያ ዓመት ሳይነጋገሩ የኖሩ ሴቶች በአንድ ጠባብ ክፍል ቢገቡ፣ ባሕሩ የቱንም ያህል ጸጥ ቢል ጉዞው ሰላም አይሆንም። መጠጡም ጣጣ አለው። ያልተገደበ መጠጥ የሚያስገኘውን ጥቅል አንድ ሰው ከገዛ፣ በብዙ ኩባንያዎች ደንብ አብሮት የሚያድረው ዐዋቂም መግዛት አለበት። ውስኪ ወዳዱ ከዲያቆኑ ጋር ከተመደበ ዲያቆኑም ይከፍላል ማለት ነው።

ክፍያው በቅድሚያ መያዣ ተጀምሮ ከጉዞው ሁለት ሦስት ወር ቀደም ብሎ ይጠናቀቃል። «እመጣለሁ» የሚለውን መልስ ሠርጉ ዋዜማ ላይ ለሚሰጥ ወገን ይህ ባዕድ ነገር ነው። የሚሻለው ከዓመት በፊት የዘመድ ዕቁብ መጀመር ነው፤ ለሳምንታዊ ዕቁብ የማይዋሽ ሰው ለሠርግ ጥሪ ግን ሊዋሽ ይችላል።

ማን ያጋባል ወደሚለው ስንመጣ፣ ካፒቴን ሁሉ ያጋባል የሚለው እምነት ከፊልም የመጣ ነው። የማጋባት ሥልጣን የሚመነጨው መርከቡ ከተመዘገበበት አገር ሕግ ነው። የእንግሊዝ ሕግ ይህን ሥልጣን ለካፒቴን ስለማይሰጥ፣ ኩናርድ «ኩዊን ሜሪ 2»ን ጨምሮ መርከቦቹን እ.ኤ.አ. በ2011 ከእንግሊዝ መዝገብ አውጥቶ ቤርሙዳ አስመዘገበ፤ በዓመቱም ካፒቴኖቹ ማጋባት ጀመሩ። የማልታ ባንዲራ ያላቸው መርከቦችም እንዲሁ ያጋባሉ። ስለዚህ ከሲልቨር ስፕሪንግ የተነሡ ሙሽሮች የጋብቻ ምስክር ወረቀታቸው ረግጠውት ከማያውቁት ደሴት ሊመጣላቸው ይችላል። ኢትዮጵያም ወረቀቱን አትገፋም፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በውጭ አገር፣ በተፈጸመበት ቦታ ሕግ መሠረት የተደረገን ጋብቻ፣ የሕዝብን ሞራል እስካልተቃረነ ድረስ የጸና ይለዋል። የሙሽሪትን አያት ማሳመን ሌላ ጉዳይ ነው።

ጋብቻው መርከቡ ባልቲሞር ሳይለቅ የሚፈጸም ከሆነ የሜሪላንድ ሕግ ይሠራል። በሜሪላንድ የጋብቻ ፈቃድ የሚወጣው ሥርዓቱ ከሚፈጸምበት ካውንቲ ነው፤ የሲልቨር ስፕሪንግ ልጆች ለቤታቸው ቅርብ ነው ብለው ሮክቪል የሚያወጡት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ፈቃድ ባልቲሞር ከተማ ውስጥ አያጋባም። ፈቃዱ ሥራ ላይ የሚውለውም ከተሰጠ በሁለተኛው ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ነው፤ ጠዋት ፈቃድ አውጥቶ ከሰዓት መጋባት የለም። ለተክሊልና ለቁርባን ቦታው ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ፣ ኦርቶዶክሶቹ ሥርዓቱን በደብራቸው ፈጽመው መርከቡን ለድግሱ ብቻ ቢያደርጉት ይቀላቸዋል።

በወረቀት በኩል የአሜሪካ ዜጎች ተነሥተው ወደዚያው ወደብ ለሚመለሱበት ጉዞ በልደት ሰርተፊኬትና በመታወቂያ መሄድ ይፈቀድላቸዋል፤ ፓስፖርት መያዙ ግን ይሻላል። ግሪን ካርድ ያለው ግሪን ካርዱንም ፓስፖርቱንም ይይዛል። የሚያሳስቡት ለሠርጉ ብለው ከአዲስ አበባ የመጡት እናት ናቸው። መርከቡ ቤርሙዳ ከደረሰ ከአሜሪካ ወጥተዋል፤ ቪዛቸው አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ መመለሻው ይጨንቃል። እንግዲያስ መርከቡ አሜሪካ ለአሜሪካ ይዙር የሚል ሐሳብ የሚያነሣ ዘመድ አይጠፋም፤ እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣው ሕግ ግን የውጭ ባንዲራ የያዘ መርከብ መንገደኛን በአሜሪካ ወደቦች መካከል እንዲያጓጉዝ አይፈቅድም። ስለዚህ ቪዛው ብዙ ጊዜ የሚያስገባ መሆኑን ከጥሪ ካርዱ በፊት ማረጋገጥ ይገባል። እርግዝናዋ 24 ሳምንት የሞላት ሴትና ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃንም አብዛኛውን ጊዜ አይሳፈሩም።

ሻንጣው ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነው። ሻማ፣ ዕጣን፣ ከሰልና ካውያ በእሳት ሥጋት የተነሣ ክልክል ናቸው። በብዙ ኩባንያዎች ደንብ ቤት ውስጥ የተሠራ ምግብ አይገባም፤ የወይን ጠጅም ቢሆን ለአንድ ዐዋቂ 750 ሚሊ ሊትር አንድ ጠርሙስ ቢፈቀድ ነው። የሐበሻ ሠርገኛ ሻንጣ ግን ከእነዚህ ውጭ ምን ይዞ ያውቃል? የአንዲት እትዬ ሻንጣ በራጅ ማሽኑ ሲያልፍ ፈታሹ ቀበቶውን ያቆማል። ስክሪኑ ላይ አንገቷ ረዘም ያለ ጀበና፣ ስድስት ስኒ፣ የከሰል ምድጃ፣ አንድ ሙሉ ድፎ ዳቦ በኮባው እንደተጠቀለለ፣ በጋቢ መሐልም አንድ ጀሪካን ይታያል። ምንድን ነው ይላል። «ማር ነው» ይላሉ፤ ውኃና ጌሾ እንደተጨመረበት አላነሡም። ጀበናዋ ታልፋለች፤ ምድጃው፣ ድፎውና ጀሪካኑ ይቀራሉ። ቡናው እንግዲህ በመርከቡ ማሽን ይፈላል፤ አቦል፣ ቶናና በረካ ከአንድ ቧንቧ ይቀዳሉ።

ክትፎ ይዞ ለመግባት መሞከር ከንቱ ድካም ነው። በአሜሪካ ወደቦች የሚመላለሱ መርከቦችን የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል መርማሪዎች ሳይነግሩ ገብተው ይፈትሻሉ፤ ነጥቡ ከመቶ ነው፣ ለማለፍ 86 ያስፈልጋል። ነጥቡን የሚጠብቅ ሼፍ በእትዬ እጅ የተለበለበ ሥጋ ወደ ማድቤቱ አያስገባም። ስለ እንጀራና ስለ ጾም ምግብ ከወራት በፊት ከኩባንያው የሠርግ አስተባባሪ ጋር መነጋገር ያስፈልጋል።

የሥነ ሥርዓቱ ሰዓት በአስተባባሪዋ እጅ ነው፤ ቀጥሎ ሌላ ሙሽራ ተራ ሊኖረው ይችላል፣ የአበሻ ቀጠሮም አይሠራም። መሳፈሪያው መርከቡ ከመነሣቱ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ቀድሞ ይዘጋል። «ፓርኪንግ እየፈለግን ነው» የሚል ስልክ ካፒቴኑን አያቆመውም። ከመነሣቱም በፊት የደኅንነት ልምምድ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 «ኮስታ ኮንኮርዲያ» ጣልያን ባሕር ላይ ከደረሰባት አደጋ በኋላ ደንቡ ጠብቋል፤ ሙሽሪትም ብትሆን ከቬሏ ጋር መሰብሰቢያ ጣቢያዋ መቅረብ አለባት። የሙሽሪት እኅቶች በር ሊይዙ ከፈለጉ የክፍላቸውን በር ይያዙ፤ ኮሪደሩ ጠባብ ስለሆነ ሆታው ሲበረታ የመርከቡ ጥበቃ ይጠራል። የመኪና አጀብና ክላክስ የለም። በምትኩ መርከቡ ወደቡን ሲለቅ በአሜሪካ የውስጥ ውኃ ደንብ መሠረት ከ4 እስከ 6 ሰከንድ የሚቆይ ጡሩምባ ይነፋል። ለሁሉም መርከብ የሚነፋ ነው። እናቶች ለልጃቸው የተነፋ መስሏቸው እልል ቢሉ ግን የሚያርማቸው አያስፈልግም።

ማዕበል ለሚከብደው ሰው ከታችኛው ፎቅ መካከለኛውን ክፍል መምረጥ ይረዳል። የቀረው መብላት፣ መጨፈርና ሂሳብ ላይ መከራከር ነው።

መርከቡ በማለዳ ባልቲሞር ይመለሳል፤ መንገደኛውም ረፋድ ሳይሆን ይወርዳል። መልሱ መርከብ ላይ አይደገስም፤ የሙሽሪት እናት ቤት ነው። እንጀራው፣ ክትፎውና ከሰል ላይ የተጣደው ቡና እዚያ ይጠብቃሉ፤ ያልተሳፈሩት 200 ዘመዶችም እዚያ ናቸው።