ከመዝገብ የተረፉት

ከዕለታት በአንድ ቀን የቁጥሮች ንጉሥ ርስት ሊደለድል አሰበና ጸሐፊውን «ሕዝቤን በተራ መዝግብልኝ» አለው። ብራናው መጨረሻ አልነበረውም፤ በተረት አገር ብራና አይወደድም።

መጀመሪያ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ መቁጠሪያዎቹ ገቡ። ወዲያው ጠብ ተነሣ። «ተጋማሾቹ እኩሌታችን ናቸው፤ የርስቱ ሲሶ ይበቃቸዋል» ተባለ። ጸሐፊው አንድን ከሁለት፣ ሁለትን ከአራት፣ ሦስትን ከስድስት ጋር እጅ ለእጅ አያያዛቸው፤ ካንዱም ወገን ብቻውን የቀረ አልተገኘም። ክፍልፋዮች ሲግተለተሉ ደግሞ «ላዕልና ታሕታችሁን ደምሩ፤ ድምሩ ያነሰ ይቅደም» ብሎ አሰለፋቸው። እነሱም ተጻፉ።

«እልቆ መሳፍርት የሌለው ሁሉ እኩል ነው!» ብሎ ጸሐፊው አስለፈፈ። ቤተ መንግሥቱ ወደደለት።

ከዚያ ከዜሮና ከአንድ መካከል፣ ከነጥብ ወዲያ አሃዛቸው የማያልቅ ሰዎች መጡ። እነሱንም በየመስመሩ ጽፎ መዝገቡን ሊዘጋ ሲል አንዲት አሮጊት ቀረቡ።

«ጌታው፣ ልጄ የለችበትም።»

«ስሟን ይንገሩኝ፣ እማማ።»

«ከመጀመሪያው ሰው የመጀመሪያውን አሃዝ፣ ከሁለተኛው ሁለተኛውን፣ ከሦስተኛው ሦስተኛውን እያየህ ውረድ። አምስት ካገኘህ ስድስት፣ ሌላ ካገኘህ አምስት ጻፍ። ስሟ እሱ ነው።»

ፈለጋት። ከመጀመሪያው በመጀመሪያው አሃዝ፣ ከሺኛው በሺኛው ትለያለች።

«ተዘንግታ ነው፤ አናት ላይ ልጻፋት።»

«ጻፋት። በአዲሱ መዝገብ እንደገና ውረድና ታናሽ እኅቷን ታገኛለህ።»

(ከተረት ውጭ ይህን ክስ ያቀረበው የሃሌው የሒሳብ መምህር ጌኦርግ ካንቶር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1891። የበርሊኑ ክሮኔከር ማለቂያ በሌለው ላይ የሚሠራውን ሥራ አጥብቆ ሲቃወመው ኖሯል። መዝገብ ቤት በየአገሩ አንድ ነው።)

ንጉሡ «የቀሩት ስንት ናቸው?» ቢል ጸሐፊው «ከተጻፉት ይበዛሉ» አለ። መኳንንቱ ተማክረው «ያልተጻፈ ሰው የለም» የሚል አዋጅ አስነገሩ።

ቀያሹ ገመዱን ይዞ ወጣ። ለመጀመሪያው ግማሽ ክንድ፣ ለሁለተኛው ሩብ ክንድ፣ ለሦስተኛው የሩቡን እኩሌታ እያለ ለተጻፈው ሁሉ አዳረሰ። ያ ማለቂያ የሌለው ሕዝብ ተደልድሎ ካንድ ክንድ መሬት አላለፈም። የተረፈው አገር፣ አሮጊቷና ልጆቿ ቆመውበት ሳሉ፣ ባለቤት የለውም ተብሎ ለንጉሡ ገባ።