ታኮ ይዞ መሮጥ

ልደታ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ባለ አንድ ጋራዥ ውስጥ ግማሽ መኪና ቆማለች። ሞተር አላት፣ ካምቢዮ አላት፣ ስድስት ጎማና የረዘመ ሻሲ አላት። ካቢና ግን የላትም። መሪዋ ብቻውን እንደ ሱፍ አበባ ቀና ብሎ ይታያል፤ ሾፌሩ የሚቀመጠው በተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ላይ ነው። ካሶኒዋ ገና በባለቤቷ ሐሳብ ውስጥ ነው፤ እዚያም ቢሆን ስፖንዳው አልተቀባም።

እንዲህ ዓይነት ነገር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ቅጥቅጥ የምንላቸው አውቶብሶች በጭነት መኪና ሻሲ ላይ ባትላሜራ በመዶሻ ያወጣቸው ናቸው፤ ስማቸውም መዶሻውን አልደበቀም። የዚህችም ግማሽ አይሱዙ ዕጣ ያው ነበር፦ ሜካኒኩ ጋ ተወልዳ፣ ባትላሜራው ጋ ክርስትና መነሳት። በሁለቱ መካከል ያለው 400 ሜትር ነው። ችግሩም 400 ሜትሩ ነው።

ባለመኪናው ቀን ቆርጦ መጣ። «ጋሼ፣ ግንቦት 1 እናወጣታለን። ልደታን በልደታ ቀን!»

ሜካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቀና አለ። «በዚያ ቀን መንገዱ ላይ ምን አለ?»

«ንፍሮ።»

«ከንፍሮው ጋርስ?»

«ሕፃናት...» አለ ባለመኪናው፤ ድምፁ ወረደ። የግንቦት ልደታ ዕለት ጎረቤት ሁሉ ከቤት ወጥቶ ደጅ ላይ እሳት አንድዶ፣ ንፍሮ ቀቅሎ ሲበላ የሚውልበት መንደር ውስጥ ፍሬኗ የጎደለ ሻሲ ይዞ መውጣት ለማንም አይመከርም። ጉዞው ወደሚቀጥለው እሑድ ንጋት ተላለፈ።

ዜናው ግን መንደሩ ደርሶ ነበርና አማካሪ አልጠፋም። ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ትሄዳለች?» የሜካኒኩም መልስ አንድ ነው፦ «መሄዱንስ ትሄዳለች፤ ማን ያቆማታል?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሻሲዋ ሲረዝም ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማ ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ አጠረና ለማስረዘም ወደ ቶርኖ ቤት ተላከ። የኋላ ፍሬን ቱቦም ገና አልተገጠመም። የሚሠራው የፊቱ ፍሬን ብቻ ነው። «የእጅ ፍሬን አለ አይደል?» ይላል ባለመኪናው። የለም። በእንዲህ ዓይነት አይሱዙ የእጅ ፍሬን ታምቡሩ ያለው ከካምቢዮ ጀርባ ነው፤ የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ዘንጉን ነው። ዘንጉ ቶርኖ ቤት ከሆነ የእጅ ፍሬኑ አየር ጨብጦ ቀረ ማለት ነው።

ጡረታ የወጡ አንድ ሾፌር ከሰፈሩ ካፌ ሰምተው መጡ። በዘመናቸው ፊያት 682 ኤንትሬ ይዘው ዓባይ በረሃን ተመላልሰውበታል። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለውን የ40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የሚያውቅ ሰው ስለ ቁልቁለት ሲናገር መስማት ግድ ነው። «ልጄ» አሉ፣ «ቁልቁለትን በወጣህበት ማርሽ ውረደው። ፍሬን እየረገጥክ ብትወርድ ሸራው ይግላል፣ ሲግል ይከዳሃል። ሞተሩ ይያዝልህ።»

ምክሩ ወርቅ ነው። ለዚህች መኪና ግን አይሠራም፤ ሞተሩን ከጎማው የሚያገናኘው ያው ዘንግ ነውና። ማርሹ ቢገባም ሞተሩ ከጎማው ጋር አይተዋወቅም።

ይባስ ብሎ ሞተሩ ከጠፋ የፊቱም ፍሬን ይደክማል። ለፔዳሉ ጉልበት የሚጨምረው ዕቃ የሚሠራው ሞተሩ በሚፈጥረው ቫኪዩም ነው፤ ሞተር ከጠፋ በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተረገጠ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ ሜካኒኩ ባለመኪናውን ግራ ያጋባ ትእዛዝ ሰጠ፦ መኪናዋ በሌላ መኪና ትጎተታለች፤ ሞተሯ ግን ይነሣል። ለመሄድ ሳይሆን ለመቆም።

ባለመኪናው ነዳጁ አሳሳውና ቁጣ ቁጣ አለው። «ጋሼ፣ ልደታ እኮ ሜዳ ነው! ቦሌ ሳይሠራ አውሮፕላን የሚያርፈው እዚህ አልነበር?» እውነቱን ነው። ጄት መጥቶ ረጅም መንደርደሪያ እስኪጠይቅና ማረፊያው በ1950ዎቹ ወደ ቦሌ እስኪዛወር ድረስ አውሮፕላን የሚያርፈው ልደታ ነበር።

«አውሮፕላኑ ፍሬን ነበረው» አለ ሜካኒኩ።

ጎረምሶቹ ደግሞ ሌላ ሐሳብ አላቸው። «እኛ እንገፋታለን፤ ቁልቁለቱ ላይ አንዱ ታኮ ይዞ ይሮጣል።» ታኮ ከፍሬን፣ ከፍሪሲዮን፣ ከባሌስትራና ከክሪክ ጋር ከጣሊያን የመጣ ቃል ነው፤ እዚያ ተረከዝ ማለት ነው። እኛም ሙሽራን ከፍ የሚያደርጋትንም፣ መኪናን የሚያቆመውንም በዚሁ ስም እንጠራለን።

ይሁንና ታኮ ይዞ መሮጥ ሒሳብ አለው። የመንደሩ ጫፍ ላይ ያለው ቁልቁለት በየ100 ሜትሩ 5 ሜትር ይወርዳል እንበል። ሁለት ቶን የምትመዝን ሻሲ እዚያ ላይ ወደ ታች የምትስበው በአንድ ኩንታል ክብደት ያህል ነው። ቆማ ሳለች ሁለት ጎበዝ ይይዟታል። ካመለጠች ግን፣ የጎማው ሰበቃ ጥቂት ቢቀንስላትም፣ 20 ሜትር ስትንከባለል በሰዓት 14 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 50 ሜትር ላይ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ትደርሳለች። ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2008 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ጨርሶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሲሰብር አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ተኩል አልሞላም። እሱም ታኮ አልያዘም ነበር።

ፍጥነት በእጥፍ ሲያድግ ለማቆም የሚያስፈልገው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። በሰው እርምጃ፣ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር የሚሄድን ነገር የሚያቆም ፍሬን 20 ኪሎ ሜትር ላይ 16 እጥፍ ሥራ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ታኮ የያዘ ሰው አይሮጥም፤ ከጎማው ጎን ይራመዳል። ፊት ለፊት የሚቆም የለም።

«እሺ፣ በገመድ እንጎትታት» አለ ባለመኪናው። ገመድ ይስባል እንጂ አይገፋም። ቁልቁለት ላይ የፊተኛው ሲቆም የኋለኛዋ አትቆምም፤ ሄዳ ትላተመዋለች። ይህን አፄ ቴዎድሮስ ያውቁት ነበር። ጋፋት ላይ ያሠሩትን 7 ቶን ገደማ የሚመዝን የሴባስቶፖል መድፍ በ1860 ዓ.ም. በጥቅምት መባቻ ከደብረ ታቦር አንቀሳቅሰው መጋቢት ላይ መቅደላ አደረሱት። በመቶ የሚቆጠር ሰው መንገድ እየቆረጠ፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል እየወረደና እየወጣ፣ በጠፍር እየሳበ ከአምስት ወር በላይ ፈጀ። ዳገት ላይ ጠፍር ከፊት፣ ቁልቁለት ላይ ከኋላ። ዛሬ አምሳያው ቴዎድሮስ አደባባይ፣ ከቸርችል ጎዳና ቁልቁለት ላይ ቆሟል፤ አንድ ቀን እንኳ ወደ ለገሃር አልተንሸራተተም።

የልደታው ሜካኒክም ያንኑ አደረገ። በጠፍር ፈንታ ድፍን የብረት መጎተቻ አመጣ፤ ድፍን ብረት ይስባልም ይይዛልም። ደልዳላው ላይ ጎታቹ አይሱዙ ከፊት ሆነ። ቁልቁለቱ ጋ ሲደርሱ ጎማዎቿ ሥር አራት ታኮ ተደረገ፣ መጎተቻው ተፈታ፣ ጎታቹ ዞሮ ከኋላ ታሰረና በኋላ ማርሽ እያፈገፈገ አወረዳት። ከመነሣታቸው በፊት ግቢው ውስጥ ፍሬኗ ሦስት ጊዜ ተሞክሯል። ሳጥኑ ላይ የተቀመጠው ሜካኒኩ ራሱ ነው፤ ከኋላ ልጫን ያለ ሁሉ ወርዷል። ወደ አስፋልቱ የምትወጣ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይበቃም፤ ሰሌዳ የላትም፣ ቦሎ የላትም፣ ቦሎ ለማግኘት ደግሞ ፍሬን ያስፈልጋታል። ለአስፋልት ያለው መልስ ሎቤድ ላይ መጫን ብቻ ነው።

400 ሜትሩ 35 ደቂቃ ፈጀ። ባለመኪናው ከጎን እየተራመደ ሰዓቱን አምስት ጊዜ አየ፤ ጡረተኛው ሾፌር ደግሞ አንድ ጊዜም አላዩም።

ባትላሜራው በሩን ከፍቶ አስገባትና ዙሪያዋን ዞረ። «ትሄዳለች?» ሲል ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም። ሜካኒኩ አራቱን ታኮ በጎማዎቿ ሥር በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ሞተሩን አጠፋ። ዘንጉ ከቶርኖ ቤት የመጣው በሦስተኛው ሳምንት ነው፤ ታኮዎቹ እስከዚያ ቀን አልተነሡም።