መቶ ዋት ነኝ ባይ

መርካቶ፣ ሶላር ሱቅ በር ላይ። ሻጩ ምላሱ የተሳለ፣ ገዢው ከሰመራ የመጣ።

«ይሄ ፓኔል ስንት ዋት ነው?»

«ማንበብ አትችልም? ጀርባው ላይ ተጽፏል፤ 100!»

«ጀርባ ላይማ ስንቱ ይጻፋል። የት ተለክቶ ነው?»

«ላብራቶሪ። ፓኔሉ 25 ዲግሪ ላይ ሆኖ፣ በካሬ ሜትር 1000 ዋት ብርሃን እየወረደበት።»

«ሰመራ ላይ 25 ዲግሪ ካገኘሁማ ብርድ ልብስ ነው የምገዛው።»

«ፀሐይ ሞልቶልህ ታማርራለህ?»

«ፓኔል የሚወደው ብርሃኗን እንጂ ቃጠሎዋን አይደለም። አየሩ 40 ሲገባ ቆርቆሮ ላይ የተለጠፈው ፓኔል 65 ይደርሳል። ይሄ የሲሊከን ክሪስታልህ ደግሞ ከ25 በላይ በየዲግሪው 0.4 በመቶ ገደማ ይጥላል። ከ25 እስከ 65 ባለው 40 አባዛው፤ 16 ዋቴ ሄደ።»

«ሒሳብ እንዲህ ካወቅህ ባንክ ለምን አልገባህም?»

«ባንክማ 16 በመቶ ሲወስድ ወለድ ነው ብሎ ይነግረኛል።»

«በል ቲን ፊልሙን ውሰድ፤ ካድሚየም ቴሉራይድ ነው። በዲግሪ 0.3 ገደማ ቢጥል ነው፤ ከመቶው 12 ብቻ። ብርሃን የሚይዘው ንብርብር ጥቂት ማይክሮን ነው፤ ከፀጉርህ ይቀጥናል።»

«ፀጉሬን ተወው፤ እሱም ሙቀቱን አልቻለም። ያኛውስ?»

«አሞርፈስ ሲሊከን፣ የካልኩሌተሩ ዘመድ። በዲግሪ 0.2 ገደማ። ሙቀት ብዙም አይደፍረውም።»

«ታዲያ ምን ይደፍረዋል?»

«ብርሃን! ገና እንደተሰቀለ በመጀመሪያዎቹ ወራት አቅሙ ይወርዳል። ስቴብለርና ሮንስኪ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1977 እ.ኤ.አ. የደረሱበት ነው። ሙቀት ሲያገኝ በከፊል ያገግማል።»

«በብርሃን ታሞ በሙቀት የሚድን! ለእሱስ ጠበሉ ሰመራ ነው።»

«ግን 100 ዋት ለማውጣት ካሬ ሜትር ተኩል ገደማ ይፈልጋል። ጥሩው ሲሊከን ግማሽ ካሬ ሜትር ይበቃዋል።»

«ታዲያ ጣራውን አብረህ ትሸጥልኛለህ?»

አንዲት እናት ጣልቃ ገቡ፦ «እኔ እንጦጦ ሥር ነኝ፤ ሐምሌን ሙሉ ጭጋግ ነው።»

«ቲን ፊልም በደመናም ይሠራል፣ እትዬ።»

«ባሌም ይሠራል፤ ቤት የሚገባውን ንገረኝ!»

«እውነቱን ልንገርዎት፤ ደመናው ከከበደ የትኛውም ፓኔል የጠራውን ቀን አንድ አምስተኛ ላይሞላ ይችላል። ብርድ አገር ነዎት፣ ጣራዎም ጠባብ ከሆነ ሲሊከኑን ይውሰዱ፤ ለሐምሌ ባትሪና ፓኔል ይጨምሩ።»

«አንድ ልትሸጥልኝ ፈልገህ ሁለት ሸጥክልኝ!»

የሰመራው ሰው ኪሱ ገባ። «የኔ ጣራ ሰፊ ነው፤ ካድሚየሙን ጫንልኝ። አቧራውን እኔ እጠርጋለሁ። ከቆርቆሮውም ስንዝር ከፍ አድርጌ እሰቅለዋለሁ፤ ነፋስ በሥሩ ይለፍ።»

«ይሄንን ደግሞ የትኛው ኢንጂነር ነገረህ?»

«በሙቀት ወራት አልጋችንን ደጅ የምናወጣው በኢንጂነር ትእዛዝ መሰለህ?»