የእመት ኤሊ ጥያቄ

የሱዳኑ ገዳሪፍ ዋልካ መሬት ዛፉ ተመንጥሮ ካለቀ ቆይቷል፤ ዓይን እስኪደክም ሰሊጥና ማሽላ ነው። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲይዝ ከመተማ፣ ከቋራና ከሁመራ ወጣት እንስሳት ለአረም ይወርዳሉ። መስከረምና ጥቅምት ደግሞ የአጨዳ ጥድፊያ ነው። የሰሊጥ ፍሬ ከደረቀ ተከፍቶ ዘሩ ይረግፋል፤ ስለዚህ አሠሪው አይታገሥም፣ ጀርባም ዕረፍት አያገኝም።

ከአራሚዎቹ መካከል አንድ ጉብል ጦጣ ነበር። እሱ ለሥራ ብሎ የመጣ አይደለም። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲነሣ ተከዜን ተሻግሮ ሐምዳይት ደረሰ፤ ከዚያ ወደ ኡም ራኩባ መጠለያ ተወሰደ። እናቱ ከወንዙ ማዶ ቀርታለች። ቀን ያርማል፤ ማታ ዓይኑን ሲከድን ወንዙ ይመጣበታል።

አያ ጅቦ እንቅልፍ ያጣውን ከሩቅ ያሸተዋል። አንድ ሌሊት ጠጋ አለና፣ "ልጄ፣ ይህ ባንጎ ነው። ቅጠል ማንን ይጎዳል? የዛሬውን በነጻ ውሰድ" አለው። ጦጣው ሳበ። ያን ሌሊት ወንዙ አልመጣም።

ይህን መደበቅ አይገባም። ጭሱ መጀመሪያ ላይ በእውነት አሳርፎታል፤ ባያሳርፈው ኖሮ ሁለተኛ ባልፈለገው። ልጆቻችንን "አንዳች አይሰጥም" ብለን ስንገሥጻቸው የማይሰሙን የቀመሱትን ስለሚያውቁ ነው።

ዓመቱ ሲዞር ያለ ጭስ የሚያልፍ ሌሊት ጠፋ። ያጣ ዕለት ልቡ ይመታል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ በጥቂት ነገር ይቆጣል። እህል አልጥመው አለ። ጓደኞቹ ሲያንሾካሹኩ በእሱ ላይ የሚዶልቱ ይመስለው ጀመር። በመጨረሻ ማሳው ዳር ከተረፈችው ግራር ላይ ወጥቶ አልወርድም አለ። ሽማግሌዎቹ "ጋኔን ነው" አሉ፤ አሠሪው "ስንፍና ነው" አለ። ተባብረው አወረዱትና ወደ አንበሳ ችሎት ጎተቱት።

አንበሳው ጅራፍ ሊያዝ ሲል እመት ኤሊ ደረሰች። በ1977ቱ ረኀብ ከኢትዮጵያ ተራሮች ወርደው፣ እዚያው ኡም ራኩባ የሰፈሩትን በዓይኗ ያየች ናት።

"ጌታዬ፣ ከጅራፉ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ።"

"ጠይቂ፣ እመት ኤሊ።"

ወደ ዳኛው ሳይሆን ወደ ጦጣው ዞረች። "ልጄ፣ ማታ ማታ ምን ይመጣብሃል?"

እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቀው አልነበረም። ስለ ወንዙ፣ ስለ እናቱ፣ በስተኋላው ሰምቶ ስላልተመለሰበት ጩኸት እያለቀሰ ተናገረ።

የአውሮፓን ብርድ ሸሽቶ በየዓመቱ የሚመጣው ሽመላ ቃሉን ሰጠ። "እ.ኤ.አ. በ2019 የሰው ልጆች 11 ጥናቶችን፣ ከ23 ሺህ በላይ ተሳታፊዎችን በአንድ ላይ መርምረው ነበር። ከ18 ዓመታቸው በፊት ባንጎ፣ ማለትም ካናቢስ፣ ያጨሱት ወጣት ሲሆኑ ለድባቴና ራስን ለማጥፋት ሐሳብ ይበልጥ ተጋልጠው ተገኙ።"

"አጭሶ ደኅና የሆነ ስንት አለ!" አለ አንበሳው።

"ብዙ አለ፣ ጌታዬ" አለ ሽመላው። "ጭሱ ግን ማንን እንደሚጥል ቀድሞ አይናገርም። የልጅ አንጎል እስከ 25 ዓመት ገደማ ገና እየበሰለ ነው። ሰሊጥ በለጋው ቢታጨድ ዘሩ እንደማይሞላ እናንተ ታውቃላችሁ።"

እመት ኤሊ ቀጠለች። "ጅራፉ ባንጎውን ከእጁ ያስጥለው ይሆናል፤ ወንዙን ግን ከሕልሙ አያወጣለትም። የእናቱ ስም ለሚያፈላልጉት ለቀይ ጨረቃ ሰዎች ይሰጥ። ሐኪም ይየው። ማታ ብቻውን አይደር።"

አንበሳው ጅራፉን አስቀረ፤ ለቀረው ግን አቅም የለኝም አለ። እመት ኤሊም ራሷ ተያያዘችው። የእናቱን ስም አስመዘገበች፤ ማታ ማታ አጠገቡ ተቀምጣ አስወራችው። ጭሱ ያሸነፈበት ሌሊት ብዙ ነበር። በማግሥቱ መጥቶ ራሱ ይነግራታል፤ አታባርረውም። ቀስ በቀስ ከአራሚዎቹ ጋር ተቀምጦ መብላት ጀመረ።

ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ፈነዳ። አሁን ሽሽቱ ወደ ምሥራቅ ሆነ፤ የሸሹት በመተማ በኩል ገብተው ኩመርና አውላላ ሰፈሩ። አንድ ምሽት ጦጣው ከግራሯ ላይ ሆኖ አያ ጅቦ ጆንያ ተሸክሞ ሲያልፍ አየውና ወርዶ ሮጠ።

"እመት ኤሊ፣ አያ ጅቦ ወደ ጋላባት እየሄደ ነው።"

"ምን ሊያደርግ?"

"ሊሻገር ነዋ። ኩመር እንቅልፍ ያጡ ልጆች ሞልተዋል።"

"እኔ እስክደርስ መስከረም ይጠባል" አለች። "አንተ ግን ፈጣን ነህ፤ ጥያቄውንም ታውቀዋለህ።"

ጦጣው በአቋራጭ ሮጦ ሳይነጋ ጋላባት ገባ። አያ ጅቦ ገና መንገድ ላይ ያለችውን ዶካን አላለፈም ነበር።